ለኦፕን ሶርስ ሰነድ አስተዋፅኦ ማድረግ፦ ከጎንደር ለሚጀምር ሰው

«ኮድ የማትችል ከሆነ ሰነድ ጻፍ» የሚል ምክር የተለመደ ነው። በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው፤ ሥራውን ግን ያለ አግባቡ ያቀልለዋል። በኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ) ፕሮጀክት ሰነድ ላይ የሚሠራ ሰው አብዛኛው ሰዓቱ የሚያልቀው በመፈተሽ ነው። ገጹ «ይህን ትእዛዝ ስጥ፣ ይህ ይመጣል» ካለ፣ ትእዛዙን እንደተጻፈው ሰጥቶ የተባለው መምጣቱን ያያል። ካልመጣ ለምን እንደቀረ ይደርስበታል። ከዚያ ሁለት ሦስት መስመር ያስተካክላል። መስመሮቹን መጻፍ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ማጣራቱ ግማሽ ቀን ይበላል።

ጀማሪ ከነባሩ የሚሻልበትም እዚሁ ላይ ነው። ሶፍትዌሩን ለዓመታት የሠራው ሰው የመጫኛ ገጹን ከከፈተ ቆይቷል፤ ማሽኑ ላይ የሚያስፈልገው ሁሉ ድሮ ተጭኖ አልቋል፤ ኢንተርኔቱም አይቆራረጥበትም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ቁጭ ብሎ በስልክ ዳታ፣ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ከዜሮ የሚጀምር ተማሪ ግን ገጹ የዘለላቸውን ደረጃዎች አንድ በአንድ ይደናቀፍባቸዋል። የተደናቀፈበትን ቦታ በትክክል ከመዘገበ፣ የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ራሳቸው ሊያገኙት የማይችሉትን መረጃ ያዘ ማለት ነው።

ሰነድ የሚባለው የቱ ነው?

የአንድ ፕሮጀክት ሪፖ (ፋይሎቹ በሙሉ የሚቀመጡበት ማከማቻ) ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሪድሚ የሚባለው ፋይል ነው፤ ሶፍትዌሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚጫን ባጭሩ ይናገራል። ኮንትሪቢዩቲንግ የሚባለው ፋይል ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት ለውጥ በምን መልክ ማቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን ፋይል ሳያነቡ የላኩት ለውጥ ተመልሶ ቢመጣ ቅር አይበልዎት። ዋናው ሰነድ «ዶክስ» በሚል ፎልደር ወይም ራሱን በቻለ ሌላ ሪፖ ይቀመጣል፤ የሚጻፈውም በማርክዳውን ወይም በሪስትራክቸርድ ቴክስት ነው፤ ሁለቱም ርዕሱንና ደማቁን በቀላል ምልክት የሚያሳዩ አጻጻፎች ናቸው። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንና የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ሁለተኛውን ይጠቀማሉ፤ የሰርቨር ማስተዳደሪያው ኩበርኔቲስና የዌብ ማጣቀሻው ኤምዲኤን ማርክዳውንን መርጠዋል።

ገጾቹም ዓይነት አላቸው። ዳንኤሌ ፕሮቺዳ «ዲያታክሲስ» ብሎ ያደራጀው አከፋፈል ዛሬ በብዙ ፕሮጀክቶች ዘንድ ይሠራበታል። ጀማሪን እጁን ይዞ የሚያስተምር፣ አንድን የተወሰነ ጉዳይ እንዴት መፈጸም እንደሚቻል የሚያሳይ፣ ዝርዝሩን እንዳለ የሚያስቀምጥ ማጣቀሻ፣ ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ የሚያብራራ፤ በጠቅላላ አራት። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ብዙ የሰነድ ችግር የሚመጣው አራቱ በአንድ ገጽ ሲደባለቁ ነው። የመጫኛ ትእዛዝ ለሚፈልግ ሰው በመሐል ስለ ሶፍትዌሩ አሠራር ሦስት አንቀጽ ማብራሪያ ቢደነቀርበት፣ ቀጣዩ ትእዛዝ ከዓይኑ ይሰወራል። ጀማሪ አስተዋፅኦ አድራጊ በበኩሉ የሚሳሳተው የማጣቀሻ ገጽ ሲደርቅበት «ላለስልሰው» ብሎ ምክርና ምሳሌ ሲያክልበት ነው። ማጣቀሻ ደረቅ መሆኑ ጥፋት አይደለም።

ፕሮጀክት መምረጥ

የሚጠቀሙበትን ይምረጡ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ስሙ የገነነውን ፕሮጀክት መርጦ፣ ሶፍትዌሩን አንድ ቀን እንኳ ሳይከፍተው የፊደል ግድፈት ፍለጋ ይገባል።

ጎንደር ላይ ምርጫው አያስቸግርም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ የጀመረ ነው፤ ጤና ኢንፎርማቲክስ ያጠና ሰው ዲኤችአይኤስ 2ን ሳያውቅ አይመረቅም። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ይህ ሶፍትዌር የሀገራችን ጤና ተቋማት ሪፖርታቸውን የሚልኩበት ነው፤ ሰነዱም ክፍት ነው። ካርታና የመሬት አጠቃቀም ላይ የሚሠራ ሰው ኪውጂአይኤስ አለለት። ዌብ የሚማር ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያነበው ኤምዲኤንን ነው፤ የኤምዲኤን ገጾች ከዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጊትሃብ (ሪፖዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ስለሚቀመጡ ማንም ሰው ማሻሻያ ሊያቀርብባቸው ይችላል።

ከዚህም ውስጥ እኛ ከሌላው የተሻለ የምንፈትሸው ነገር አለ። አንዱ የቀን አቆጣጠር ነው። ቀንን በተለያየ አቆጣጠር የሚያወጣው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ሁለት የኢትዮጵያ አቆጣጠሮችን ያውቃል፤ «ኢትዮፒክ» እና ዓመተ ዓለምን የሚቆጥረው «ኢትዮኤኤ»። 2015 ዓ.ም. በሁለተኛው 7515 ሆኖ ይወጣል። በሰነድ ላይ የተጻፈ የቀን ምሳሌ ትክክል መሆኑን ለማየት ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ይሞክሩ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ መዋል አለበት። አሥራ ሦስተኛ ወር የሌለ መስሎት «ወሩን ከ1 እስከ 12 አስገባ» የሚል ገጽ ካጋጠመዎት፣ የመጀመሪያ ሥራዎ ከነማስረጃው እጅዎ ገባ።

አንድ እርማት በቅርበት

የተለመደ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ፓይተን ሶፍትዌር የመጫኛ ገጽ «በፒፕ ጫን» ብሎ አንድ መስመር ትእዛዝ ይሰጣል፤ ፒፕ የፓይተን ፓኬጆች መጫኛ ነው። ኡቡንቱ 24.04 በተባለው ሊኑክስ ላይ ትእዛዙን ሲሰጡት «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮመንት» የሚል ስህተት ያወጣና ይቆማል።

እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን አቋራጭ ይወስዳል፤ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚለውን አማራጭ ጨምሮ ትእዛዙን ይደግማል፣ ይሠራለታል፣ ገጹ ላይም ይኸው ይጨመር ብሎ ይልካል። ይህ ለውጥ ተቀባይነት ቢያገኝ ሺህ ሰው የሲስተሙን ፓይተን እንዲያበላሽ መምከር ነው። አማራጩ ስሙ ራሱ «ሲስተሙን ስበር» ይላል፤ ከዚህ በላይ ማስጠንቀቂያ የለም።

ምክንያቱን መፈለግ ግድ ነው። ፔፕ 668 በሚባለው የፓይተን ውሳኔ መሠረት፣ ሌላው ሊኑክስ ዴቢያን ከ12ኛው እትም፣ ኡቡንቱም ከ23.04 ጀምሮ የሲስተሙን ፓይተን ፒፕ እንዲነካው አይፈቅዱም፤ ሁለቱም እትሞች የወጡት በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ገጹ ከዚያ በፊት የተጻፈ ከሆነ በጊዜው ትክክል ነበር። መፍትሔው ከመጫን በፊት ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከሲስተሙ የተለየ የፓይተን ፎልደር) መፍጠር ነው። ግን ይህን ብቻ ጽፎ መላክም ገና ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ይህን የሚፈጥረው «ቬንቭ» የሚሠራው ፓይተን3-ቬንቭ የተባለው ፓኬጅ በኡቡንቱ መጫኛ በኤፒቲ ከተጫነ በኋላ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ማስነሻው የሚገኘው «ስክሪፕትስ» ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሊኑክስ ላይ «ቢን» ውስጥ። ፓወርሼል ስክሪፕት እንዳይነሳ የከለከለበት ማሽንም ያጋጥማል። ስለዚህ ለገጹ የሚጨመረው ስድስት ሰባት መስመር ይሆናል፤ ለሊኑክስና ለዊንዶውስ ተለይቶ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ በየራሱ ሳጥን። ዊንዶውስ ማሽን ከሌለዎት ያለው ጓደኛ ፈልገው ያስሞክሩ። ማስሞከር ካልቻሉ «የዊንዶውሱን አልሞከርኩም» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ገምጋሚው ይህን ሲያይ ይደሰታል እንጂ አይቀየምም።

ወደ እርማቱ ከመግባትዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ኢሹዎቹን (ሪፖው ላይ የተመዘገቡትን የችግር ጥቆማዎች) ይፈልጉ፤ ክፍቶቹን ብቻ ሳይሆን የተዘጉትንም፤ ሰው ቀድሞ አቅርቦት «እንደዚህ አናደርገውም» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ድረ ገጹ ላይ የሚያነቡት የትኛው እትም እንደሆነ ይዩ። ብዙ ሰነድ «ስቴብል» እና «ሌተስት» ተብሎ ሁለት ሆኖ ይታተማል፤ እርስዎ በስቴብሉ ያዩት ስህተት ሪፖው ውስጥ ከሦስት ወር በፊት ተስተካክሎ የሚቀጥለውን እትም እየጠበቀ ይሆናል።

በየትኛው መንገድ ይላካል?

መንገዱ ሁለት ነው። ለአንድ ፋይል፣ ለጥቂት መስመር፣ በብሮውዘር መሥራት ይበቃል። ከገጹ ግርጌ ወይም ራስጌ «ይህን ገጽ አርም» የሚል ሊንክ ካለ ቀጥታ ጊትሃብ ላይ ያደርሳል፤ ከሌለ ፋይሉን ሪፖው ውስጥ አግኝተው የእርሳሱን ምልክት ይጫኑ። ጊትሃብ ራሱ ፎርክ (በስምዎ የሪፖውን ቅጂ) ያደርግልዎታል፣ ብራንች (ለለውጡ የተለየ ቅርንጫፍ) ይፈጥራል፣ ሲጨርሱ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉ የሚል ጥያቄ) ወደሚከፍቱበት ገጽ ይወስድዎታል። ዳታ አይበላም። በስልክ እንኳ ይሠራል፤ ባይመከርም።

ከአንድ ፋይል በላይ ሲሆን ሪፖውን ወደ ማሽንዎ ማውረድ ይሻላል። እዚህ ላይ በኛ ኢንተርኔት ትልቁ እንቅፋት የሚከተለው ነው፦ ጊት ክሎን (የለውጥ መዝጋቢው መሣሪያ ጊት ሪፖውን የሚያወርድበት ትእዛዝ) በመሐል ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሥዕል የበዛበት የሰነድ ሪፖ ከነሙሉ ታሪኩ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ «ዴፕዝ 1» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ ታሪኩን ትቶ የመጨረሻውን ገጽታ ብቻ ያወርዳል፤ ለሰነድ ሥራ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የሌሊት ጥቅል የሚገዛ ሰው ደግሞ ክሎኑን ለሌሊት ቢያቆየው ቀን ላይ መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ አይጨነቅም፤ ጊት ኮሚት ለማድረግ (ለውጡን ማሽኑ ላይ ለመመዝገብ) ኢንተርኔት አይፈልግምና። መስመር የሚያስፈልገው ፑሽ ሲደረግ (ወደ ጊትሃብ ሲላክ) ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ፎርክ፣ ክሎን፣ አዲስ ብራንች፣ እርማት፣ ኮሚት፣ ፑሽ፣ ፑል ሪኩዌስት። ብራንች መፍጠሩን አይዝለሉት። በዋናው «ሜይን» ላይ የሠራ ሰው ሁለተኛ እርማት ለመላክ ሲሞክር የመጀመሪያውም አብሮ ይሄድበታል፤ አንዱ ሲዘገይ ሌላውም ይታሰራል።

ፑሽ ላይ ሲደርሱ ፓስዎርድ አይቀበልም። ጊትሃብ ከኦገስት 13 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለጊት ሥራ የአካውንት ፓስዎርድ መጠቀምን አቁሟል፤ ቶክን (ጊትሃብ የሚሰጠው ረጅም የሚስጥር ኮድ) ወይም ኤስኤስኤች ቁልፍ (ማሽንዎ ላይ የሚቀመጥ የመለያ ፋይል) ያስፈልጋል። ኦተንቲኬሽን ፌይልድ የሚለውን መልእክት አይተው ፓስዎርዳቸውን ደጋግመው የሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ችግሩ እዚያ አይደለም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን በኤስኤምኤስ ከማድረግ በኦተንቲኬተር አፕ ቢያደርጉት ይሻላል፤ የሚሰጥዎትን የመጠባበቂያ ኮድም ወረቀት ላይ ይጻፉ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃል።

ሌላው ቀድሞ መታሰብ ያለበት ኢሜይል ነው። ኮሚት ላይ ያለው አድራሻ ለዘለዓለም ለሁሉም ሰው ይታያል። የግል አድራሻዎ እንዲታይ ካልፈለጉ ጊትሃብ የሚሰጠውን «ኖሪፕላይ» አድራሻ ይጠቀሙ። ኩበርኔቲስን የመሰሉ ፕሮጀክቶች ግን የአስተዋፅኦ ስምምነት ያስፈርማሉ፤ የፈረሙበት ኢሜይልና ኮሚቱ ላይ ያለው ካልተጣጣሙ ሮቦቱ ፑል ሪኩዌስቱን አያሳልፍም። የሊኑክስ ከርነል ደግሞ ስምምነት አያስፈርምም፤ በየኮሚቱ ግርጌ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚል መስመር ይጠይቃል።

ገጹ ተሠርቶ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጉ ስፊንክስ፣ ኤምኬዶክስ፣ ሁጎ ወይም ሌላ ሰነዱን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይር መሥሪያ መጫን ይኖርብዎታል። በጃቫስክሪፕት መሣሪያ የሚሠራ ሰነድ ከሆነ የሚያወርደው ጥገኛ ፓኬጅ ብዙ ነው። ፕሮጀክቱ ለእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት ቅድመ እይታ የሚያወጣ ከሆነ ይህን መተው ይችላሉ፤ ኩበርኔቲስ ያወጣል።

የፑል ሪኩዌስቱ መግለጫ ለብቻው ትኩረት ይገባዋል። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለላይኛው ምሳሌ ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«የመጫኛ ገጹ ላይ ያለው የፒፕ ትእዛዝ ኡቡንቱ 24.04 ላይ በፔፕ 668 ምክንያት አይሠራም፤ የስህተቱ ሙሉ ቃል ከታች አለ። ከመጫኑ በፊት ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት የመፍጠር ደረጃ ጨምሬያለሁ። ኡቡንቱ 24.04 እና ዊንዶውስ 11 ላይ ከዜሮ ሞክሬዋለሁ። ማክ ላይ አልሞከርኩም።»

ምን ተበላሸ፣ ለምን፣ ምን ተቀየረ፣ የት ተሞከረ። እንግሊዝኛው ቢንገዳገድም ግድ የለም። ስህተቱን ግን በጽሑፍ ይለጥፉት፤ የስክሪን ፎቶ በፍለጋ አይገኝም።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨው፣ ሁለት መስመር ቀይረው ፑል ሪኩዌስቱ «800 መስመር ተቀይሯል» ሲል ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የመስመር መጨረሻ ምልክት ነው፤ ዊንዶውስ በሁለት ባይት ይጨርሳል፣ ሊኑክስ በአንድ፤ ኤዲተሩ ፋይሉን ሲያስቀምጥ ሁሉንም ይለውጠዋል። ሌላው ምክንያት ኤዲተሩ በራሱ ፎርማት ማድረጉ ነው፤ ሠንጠረዡን ያስተካክላል፣ ባዶ ቦታውን ያነሳል፣ የዝርዝር ምልክቱን ይቀይራል። ኮሚት ከማድረግዎ በፊት የተቀየሩትን መስመሮች የሚያሳየውን ጊት ዲፍን ይመልከቱ። እርስዎ ያልነኩት መስመር ካለበት አይላኩት።

ቀጥሎ ያለው፣ በወርድ ወይም በቴሌግራም በኩል ያለፈ ትእዛዝ ነው። ሁለት አጫጭር ሰረዝ ተጣብቆ አንድ ረጅም ሰረዝ ይሆናል፤ ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ይጣመማል። ለዓይን ያው ነው፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ፊደል ነው። በአማርኛ ኪቦርድ ለሚጽፍ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፦ ኪቦርዱን ሳይመልሱ ኮድ ውስጥ ከገቡ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ቦታ ላይ ፡ ይገባል፤ ያምል የሚባለው የቅንብር ፋይል ይህን ሲያገኝ አይነበብም፤ ስህተቱም ያለበትን ትክክለኛ ቦታ አይነግርም።

ከቴክኒኩ ውጭ ያለው ትልቁ ጥፋት ብዛት ማሳደድ ነው። የክላውድ ኩባንያው ዲጂታልኦሽን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየኦክቶበሩ የሚያዘጋጀው የኦፕን ሶርስ ዘመቻ ሃክቶበርፌስት በ2020 ቲሸርት ለማግኘት ሲባል ሪድሚ ላይ አንድ ቃል እየጨመሩ በሚልኩ ሰዎች ተጥለቀለቀ፤ አዘጋጆቹ ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን ሕጉን ቀይረው፣ የሚሳተፉት ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲሆኑ አደረጉ። ዛሬ ተመሳሳዩን ጎርፍ የሚያመጣው በኤአይ የተጻፈ ረጅም ገጽ ነው። አንዳንድ ፕሮጀክት ይህን ጨርሶ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ማሳወቅን ይጠይቃል፤ ሕጉ ኮንትሪቢዩቲንግ ፋይሉ ላይ ይገኛል። የትኛውም ቢሆን፣ ራስዎ ማሽን ላይ ያልሞከሩትን ትእዛዝ መላክ ያው ከፈተና መሸሽ ነው።

ግምገማው

ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ክፍል ቶሎ ይለምደዋል። ተማሪ ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ያርመዋል፤ ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። የፑል ሪኩዌስት ግምገማም በአደባባይ፣ መስመር በመስመር ነው። ሰላምታ የሌለው «ይህን አንሳ» የሚል አስተያየት ሲመጣ ቁጣ አይደለም፤ «ኒት» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ጥቃቅን ነገር ነው፣ ባያስተካክሉትም ሜርጅ ሊደረግ (ከዋናው ጋር ሊቀላቀል) ይችላል ማለት ነው።

እርማቱን እዚያው ብራንች ላይ ሠርተው ፑሽ ያድርጉ፤ ፑል ሪኩዌስቱ በራሱ ይታደሳል። ዘግቶ አዲስ መክፈት የተጀመረውን ንግግር ይበትናል። የማይስማሙበት ነገር ካለ ምክንያትዎን ከነማስረጃው ይጻፉ። መልስ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቆ አንድ ጊዜ በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም፤ አብዛኞቹ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የሰነድ ቡድኑ ስብሰባ ካለው ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይነገራል፤ ሦስት ሰዓት ይጨምሩና ወደ ሀገራችን አቆጣጠር ይመልሱት። 14:00 ዩቲሲ ማለት እኛ ዘንድ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው።

ወደ አማርኛ መተርጎም

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። ክቡር ሥራ ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። የእንግሊዝኛው ገጽ ስህተት ካለበት ትርጉሙ ስህተቱን በሁለት ቋንቋ ያደርገዋል።

መጀመሪያ ቡድን መኖሩን ይጠይቁ። ኩበርኔቲስ አዲስ ቋንቋ ለመጀመር ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ማንም የራሱን ፑል ሪኩዌስት ራሱ ማጽደቅ አይችልም። ሁለተኛ ሰው ሳይኖር የተጀመረ ትርጉም የሚገመግመው አጥቶ ይቀራል። ቀጥሎ የሶፍትዌሩ ገጽታ ራሱ ወደ አማርኛ መመለሱን ይዩ። ካልተመለሰ፣ በሰነዱ ላይ የበተኖቹን ስም መተርጎም ተጠቃሚውን ማሳሳት ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሌለ ስም ሲፈልግ ይውላል። ከተመለሰ ደግሞ እዚያ ያለውን ቃል ያለ ምንም ለውጥ ይውሰዱ፤ የተሻለ ቃል ቢያውቁም እንኳ።

ትርጉሙ ፒኦ በሚባለው የትርጉም ፋይል ከሆነ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያሉ ስሞችና በፐርሰንት ምልክት የሚጀምሩ ቦታ ያዦች አይተረጎሙም። የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል ሲለወጥ ቦታቸውን መቀየር ይቻላል፤ ማጥፋት ግን ሶፍትዌሩን ሊያቆመው ይችላል።

ማርክዳውን በአማርኛ ሲጻፍ ማንም አስቀድሞ የማይነግርዎ ችግር አለ። ለማድመቅ «አስቀምጥ» የሚለውን ከነጥቅሱ በሁለት ሁለት ኮከብ መሐል አድርገው ከኮከቦቹ በኋላ «ን»ን ቢያጣብቁ፣ ኮከቦቹ ደምቆ በሚታይ ጽሑፍ ፈንታ ራሳቸው ገጹ ላይ ይታያሉ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከመዝጊያ ኮከቦቹ በፊት ሥርዓተ ነጥብ ካለ፣ ከኋላቸው ፊደል ተጣብቆ መምጣት የለበትም። አማርኛ ደግሞ «ን»ን፣ «ም»ን፣ «ና»ን ሁልጊዜ ከኋላ ያጣብቃል። ጥቅሱን ከኮከቦቹ ውጭ ያድርጉት ወይም ከኮከቦቹ በኋላ ክፍት ቦታ ትተው «የሚለውን» ብለው ይጻፉ። በግርጌ ሰረዝ የሚሠራው አጽንዖት ከዚህም የባሰ ነው፤ ፊደል በቀጥታ ከተከተለው ጨርሶ አይሠራም። ዘመም ያለ ጽሑፍንም ይተዉት፤ የግዕዝ ፊደል ዘመም የሚል ወግ የለውም፣ ብሮውዘሩ በግድ ሲያጋድመው ያስቀይመዋል።

አራት ነጥብን በአንዱ ቁልፍ ። ብለው ይጻፉ፤ ሁለት ጊዜ ፡፡ መምታት ለዓይን አንድ ቢሆንም ለፍለጋና ለመስመር መቁረጫ ሌላ ነገር ነው። ፍለጋን የሚጎዳው ሌላው የፊደል ምርጫ ነው። አንዱ ገጽ ላይ «ሥርዓት» ሌላው ላይ «ስርአት» ከተጻፈ ፈላጊው አንዱን ብቻ ያገኛል፤ ስለዚህ ቡድኑ አንዱን መርጦ በቃላት ዝርዝሩ ላይ ያስፍር። የርዕስ ሊንክም አለ። አንዳንድ መሥሪያ የላቲን ያልሆነውን ፊደል ከሊንኩ ላይ ይጥለዋል፤ ኤምኬዶክስ ለምሳሌ ቅንብሩ ካልተለወጠ የአማርኛ ርዕሶችን _1፣ _2 እያለ ይቆጥራል። ነገ ከመሐል አንድ ርዕስ ሲጨመር ቁጥሩ ሁሉ ይንሸራተትና ሰው ያስቀመጠው ሊንክ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ለየርዕሱ መለያ በእጅ መስጠት ወይም የዩኒኮድ ቅንብሩን ማብራት ይህን ያስቀራል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ከተጻፈ አሮጌ ጽሑፍ ኮፒ ማድረግ አይሞከርም፤ የሚወጣው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው።

በየመስመሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ፤ ከ። በኋላ ወደ ቀጣዩ መስመር ይውረዱ። ማርክዳውን ሲታተም አንቀጹን መልሶ ያያይዘዋል። ጊት የሚያነጻጽረው በመስመር ስለሆነ፣ አንቀጹ ሙሉ በአንድ መስመር ከተጻፈ አንዲት ፊደል ሲታረም አንቀጹ ሁሉ የተለወጠ ይመስላል፤ ገምጋሚውም ፊደሏን ፍለጋ ይደክማል።

የጨረሱትን ገጽ ሶፍትዌሩን በሥራ ለሚጠቀም፣ ትርጉሙ ላይ ግን ላልነበረ ሰው ይስጡ። የዲኤችአይኤስ 2 ገጽ ከሆነ ለጤና ጣቢያ ኤችአይቲ (የጤና መረጃ ባለሙያ) ይስጡትና አጠገቡ ሆነው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ገጹን ብቻ ተከትሎ ሲሠራ ይመልከቱ። የቆመበት መስመር ላይ ምልክት ያድርጉ። «ገባህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ በይሉኝታ «አዎ» ይላል።

በመጨረሻም የተተረጎመው ገጽ ከየትኛው የእንግሊዝኛ ኮሚት እንደተወሰደ ገጹ ራስጌ ላይ በኮሜንት ይመዝግቡ። በየወሩ ያንን ፋይል ብቻ ለይተው ከዚያ ኮሚት ወዲህ ምን እንደተቀየረ በጊት ዲፍ ያያሉ፤ «ዴፕዝ 1» አድርገው ካወረዱት ታሪኩ ስለሌለ ይህን ጊትሃብ ላይ በብሮውዘር ማየት ይቀላል። የተቀየረው ትንሽ ከሆነ ወዲያው ያስተካክሉ። ጊዜ ካጡ ለቡድኑ ይንገሩና ገጹ ላይ «ይህ ትርጉም ቆይቷል፣ እንግሊዝኛውን ይመልከቱ» የሚል ማስታወሻ ይግባ።